ሥሩ መድኃኒት የሚሆነው ከተቆፈረ በኋላ ነው

ከጓዳችን እንጀምር። ዝንጅብል አለ። እርጥቡ ተፈቅፍቆ ወጥና ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ደረቁ ተወቅጦ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ይፈጫል። ለእኛ ሁለቱም ዝንጅብል ናቸው፤ አንዱ እርጥብ አንዱ ደረቅ፣ በቃ። ቻይናዊ የባህል መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ግን ስማቸውም የሚቀመጡበት መሳቢያም ይለያያል። እርጥቡ «ሸንግጂያንግ» ይባላል፤ ጉንፋን ሲጀማምር ላብ እንዲያወጣ፣ የሚያቅለሸልሸውን ሰው እንዲያስታግስ ይታዘዛል። ደረቁ «ጋንጂያንግ» ነው፤ እሱ ሆዱን ብርድ ለገባው፣ ለቁርጠትና ለተቅማጥ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ የሰጠ ቀማሚ መድኃኒት አሳሳተ ይባላል።

ነገሩ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮል የሚባለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገሩ በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ ከጂንጀሮል ይበልጥ ያቃጥላል። የጥንቶቹ ቻይናውያን ይህን ኬሚስትሪ አያውቁም ነበር። ምላሳቸውና ሆዳቸው ግን ልዩነቱን ነግሯቸዋል።

እርድም እንዲሁ ነው። ወጣችንን ቢጫ የሚያደርገው የእርድ ክፍል፣ ከመሬት በታች የሚጋደመው ወፍራም ግንዱ ነው። ቻይናውያን «ጂያንግሁዋንግ» ይሉታል፤ ጠባዩ ሞቃት ነው ይላሉ። ከዚሁ ተክልና ከቅርብ ዘመዶቹ ቀጫጭን ሥሮች ጫፍ ላይ ትንንሽ ድንች የሚመስሉ እብጠቶች ይገኛሉ። እነሱን ለይተው ይለቅሙና «ዩጂን» ብለው ይጠሯቸዋል፤ እነዚህኞቹ ቀዝቃዛ ናቸው ይላሉ። ተክሉ አንድ፣ መድኃኒቱ ሁለት፣ ጠባዩ ተቃራኒ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ማሁዋንግ ነው። በሰሜን ቻይና ደረቅ ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እዚህ ግባ የማይባል፣ መጥረጊያ የመሰለ ቁጥቋጦ ነው። አረንጓዴው ግንዱ ላብ ያመጣል፣ የታፈነ ትንፋሽ ይከፍታል፤ ኤፌድሪን የተባለው ዘመናዊ መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከዚህ ተክል ነው። ሥሩ ግን ላብ ያቆማል። ሌሊት በላብ ተጠምቆ ለሚነቃ ሰው የሚታዘዘው ሥሩ ነው። ከአፈር በላይ ላብ አምጪ፣ ከአፈር በታች ላብ ከልካይ ማለት ነው። ኤፌድሪኑ ያለው ግንዱ ውስጥ ሲሆን ሥሩ ውስጥ የሚገኙት ሌሎች ንጥረ ነገሮች ናቸው።

ኢንተርኔት ላይ «ይህ የቻይና ሥር ለኩላሊት፣ ያኛው ለወገብ» የሚሉ ዝርዝሮች ሞልተዋል። የሚያሳስቱትም እዚህ ላይ ነው። ቻይናውያን ቀማሚዎች ዘንድ መድኃኒቱ ተክሉ አይደለም። የትኛው የተክሉ ክፍል፣ ከየትኛው መሬት፣ በየትኛው ወር ተቆፍሮ፣ በምን ተቀቅሎ፣ ከማን ጋር ተጥዶ፣ ስንት ደቂቃ ፈልቶ የሚለው ሁሉ ተደምሮ ነው መድኃኒት የሚሆነው። ከዚህ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ስትበጠስ የሚጠቅመው ሥር ውሃ ይሆናል፤ አንዳንዴም መርዝ።

ሞቃትና ቀዝቃዛ ሲባል የቴርሞሜትር ነገር አይደለም። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባኝ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ሐሳቡን ለመያዝ አይቸገርም። በቻይናውያኑ አሠራር እያንዳንዱ ዕፅ ከአራት ጠባይ አንዱ ይሰጠዋል፦ ቀዝቃዛ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ትኩስ። ከአምስት ጣዕምም ይመደባል፦ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ ጣፋጭ፣ የሚያቃጥልና ጨዋማ። ሕመምተኛው ፊቱ የቀላ፣ አፉ የደረቀ፣ ውሃ ውሃ የሚለው ከሆነ ሕመሙ ትኩስ ነው ይባልና ቀዝቃዛ ሥር ይታዘዝለታል። እጅ እግሩ የበረደው፣ የገረጣው፣ ብርድ ልብስ የማይለቀው ከሆነ ደግሞ ትኩስ ሥር ይሰጠዋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ሆዴን አመመኝ» ብለው በአንድ በር ገብተው ሁለት የማይገናኝ መድኃኒት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ማይክሮስኮፕ ሳይኖር የተሣለ ካርታ ነው። መንገዶቹ አንዳንዶቹ እውነተኛ ቦታ ያደርሳሉ፤ ሌሎቹ ካርታው ላይ እንጂ መሬት ላይ የሉም።

የአገሩ አፈር ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። ይርጋጨፌ የበቀለ ቡናና ሐረር የበቀለ ቡና አንድ ዓይነት ተክል ሆነው ሳለ በስኒ ውስጥ ይለያያሉ። ቻይናውያን ይህን «ዳኦዲ» ይሉታል፤ ከትክክለኛ አገሩ የመጣ እንደማለት ነው። ጂንሰንግ ከሰሜን ምሥራቁ ከጂሊን፣ ዳንግጉይ የሚባለው የሴቶች ሥር ከጋንሱ ግዛት ከሚን ወረዳ፣ ደም ያቆማል የሚባለው ሳንቺ ከዩናን ከወንሻን፣ ፉዚ ከሲቹዋን ከጂያንግዮው ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል። ሄናን ውስጥ ጂያኦዝዎ አካባቢ ደግሞ አራት መድኃኒቶች በአንድ ስም ይታወቃሉ፤ ከአራቱ የታወቀው ዲሁዋንግ ነው።

ዲሁዋንግ ስለ አዘገጃጀት ለማስተማር የተፈጠረ ይመስላል። ተቆፍሮ የደረቀው ሥር «ጥሬ» ይባላል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ለትኩሳትና ለመድማት ይታዘዛል። ይኸው ሥር በሩዝ ወይን ርሶ በእንፋሎት ይበስላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ እንደገና ይበስላል። የድሮው ልማድ ዘጠኝ ጊዜ መቀቀል፣ ዘጠኝ ጊዜ ማስጣት ነው። መጨረሻ ላይ ሥሩ እንደ ቅጥራን ይጠቁራል፣ ይጣፍጣል፣ ጣት ላይ ይጣበቃል። አሁን ስሙም ተለውጧል፤ «ሹዲሁዋንግ»፣ የበሰለው ይባላል። ቀዝቃዛነቱ ቀርቶ ሞቅ ያለ፣ ደም የሚተካ ሆኗል ይላሉ። ላቦራቶሪ ሲገባም ለውጡ ይታያል፤ ካታልፖል የሚባለው ንጥረ ነገሩ በጣም ይቀንሳል፣ ውስብስብ ስኳሮቹ ወደ ቀላል ስኳር ይፈርሳሉ። ደም ይተካል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም የሚለው ግን ትክክል ነው።

መርዙና ድስቱ

ፉዚን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ሐምራዊ አበባው የመነኩሴ ቆብ ይመስላል። ከመሬት በታች አንድ እናት ሥር አለች፤ በጎኗ ልጆች ታበቅላለች። እናቲቱ «ዉቶው»፣ ልጆቹ «ፉዚ» ይባላሉ። ሁሉም ውስጥ አኮኒቲን የሚባል መርዝ አለ፤ በብዙ አገር አዳኞች የዚህን ተክል ዘመዶች ቀስት ጫፍ ላይ ይቀቡት ነበር። መርዙ የልብንና የነርቭን ሕዋሳት የሶዲየም በር ከፍቶ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። መጀመሪያ ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ ያስመልሳል፣ ከዚያ የልብ ምት ይዘበራረቃል። ማርከሻ የለውም።

ታዲያ ይህን ለሕመምተኛ እንዴት ይሰጡታል? ጂያንግዮው ላይ ሥሩ መጀመሪያ ከጨው ማምረቻ በሚተርፈው መራራ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ቀጥሎ ይቀቀላል፣ ይላጣል፣ ይቆራረጣል፣ ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይደርቃል። ቀማሚው እጅ የሚደርሰው ይህን ሁሉ ያለፈው ነው። እሱም ቢሆን ድስት ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ብቻውን ይፈላል። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው፤ አኮኒቲን በውሃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲፈላ መርዛማ የሚያደርገው ጅራቱ ይቆረጥና መርዝነቱ በመቶዎች እጥፍ ወደሚያንስ ነገር ይለወጣል። የሚቸኩል ሰው፣ ወይም በአልኮል የሚዘፈዝፍ ሰው፣ መርዙን ሳይነካ ይጠጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቻይናታውን ከሚገኝ አንድ ሱቅ የተገዛ የዕፅ ሻይ የጠጡ ሁለት ሰዎች በዚሁ በአኮኒቲን ተመርዘዋል፤ አንደኛዋ አልተረፈችም።

አሁን ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነውን ተመልከቱ። ዳሁዋንግ፣ ማለትም የሩባርብ ሥር፣ ሆድ ጠራጊ ነው፤ ቅጽል ስሙ «ጄኔራሉ» ነው፤ ድርቀትን እንደ ወራሪ ጦር ጠራርጎ ስለሚያስወጣ። ውስጡ ያለው ሴኖሳይድ፣ በዓረቡ ዓለም ሰናመኪ የሚባለው ቅጠል ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ረጅም ጊዜ መፍላት አይወድም። ስለዚህ ጠንከር ያለ የሆድ ማስቀመጫ የፈለገ ሐኪም ሥሩ መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እንዲገባ ያዝዛል። ለስለስ እንዲል የፈለገ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያስፈላዋል፣ ወይም በወይን አብስሎ ይጠቀምበታል። ሁለቱ ሥሮች በአንድ ማዘዣ ላይ ቢገናኙ አንዱ መጀመሪያ፣ አንዱ መጨረሻ ይገባል። የኮሶን ጠባይ የሚያውቁ የእኛ አዛውንቶች ይህን ነገር ቢሰሙ ገና ሳይጨረስ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ድስቱ የሸክላ ነው፤ የብረት አይፈቀድም። ሥሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና ይፈላል፣ ይቀዳል፤ አዲስ ውሃ ተጨምሮበት እንደገና ይፈላል። አቦልና ቶና ማለት ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ተደባልቀው ጠዋትና ማታ መጠጣታቸው ነው።

በነገራችን ላይ ጄኔራሉ ፖለቲካ ውስጥም ገብቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1839 ኦፒየምን ለማስቆም ካንቶን የተላከው ባለሥልጣን ሊን ዘሹ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፈ። ሻይና ሩባርብ ከቻይና ባይሄድላችሁ የውጭ ሰዎች እንዴት ልትኖሩ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ያኔ አውሮፓ ውስጥ የቻይና ሩባርብ ተፈላጊ ማስቀመጫ ስለነበር። እንግሊዞቹ ሆዳቸው አልደረቀም። የጦር መርከብ ላኩ።

የቤተ መንግሥት ሥርዓት

አንድ ሥር ብቻውን የሚታዘዝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ማዘዣው እንደ ቤተ መንግሥት ይዋቀራል፦ ንጉሥ፣ ሚኒስትር፣ ረዳት፣ መልእክተኛ። ንጉሡ ዋናውን ሕመም ይመታል። ሚኒስትሩ ንጉሡን ያግዛል፣ ረዳቱ የንጉሡን ክፋት ያበርዳል ወይም ጎን ለጎን ያለውን ሕመም ይይዛል፣ መልእክተኛው ሁሉን ያስታርቃል። ለደከመ ሆድና ለጠፋ ምግብ ፍላጎት የሚታዘዝ «አራቱ ጨዋዎች» የሚባል አሮጌ ማዘዣ አለ፤ ጂንሰንግ ይነግሣል፣ ባይጁ የሚባል ሌላ ሥር ሚኒስትር ይሆናል፣ በጥድ ሥር ላይ የሚበቅል ፉሊንግ የተባለ ፈንገስ ይረዳል፣ በማር የተጠበሰ ሊኮሪስ መልእክተኛ ይሆናል።

ሊኮሪስ፣ በቻይንኛ ጋንጻኦ፣ «ጣፋጭ ሣር» ማለት ነው። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ በብዙ ማዘዣ የሚገባ ሥር ነው፤ የክብር ስሙም «የአገር ሽማግሌ» ነው። ከተቆጡት መካከል ገብቶ የሚያስታርቅ። የሊኮሪስ የቅርብ ዘመድ ግብፅ ውስጥ በረመዳን ማታ ማታ ይጠጣል፤ ጥቁሩ «ዕርቅሱስ» እሱ ነው። ዓረብ አገር የኖረ አንባቢ ሳይቀምሰው አልቀረም።

ይህ ሽማግሌ ግን ጉድ አለበት። ጣፋጭ የሚያደርገው ግላይሲራይዚን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ኩላሊት ውስጥ አንድ ዘበኛ ያስተኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ኩላሊትን «ጨው ያዝ፣ ፖታሲየም ልቀቅ» ብሎ ያዛል። ኮርቲሶል የሚባል ሌላ ሆርሞን ደግሞ ያንኑ በር መክፈት የሚችል ቁልፍ አለው፤ በደም ውስጥም ከአልዶስቴሮን እጅግ ይበዛል። በሩ ላይ የቆመ አንድ ኢንዛይም ኮርቲሶል በቀረበ ቁጥር ቁልፉን ይሰብርበታል። ሊኮሪስ የሚያስተኛው ይህን ዘበኛ ነው። ያኔ ኮርቲሶል ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጨውና ውሃ ይከማቻል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ፖታሲየም በሽንት ይፈስሳል፤ ፖታሲየም ሲያልቅ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ የሕክምና መጽሔት፣ በየቀኑ አንድ ከረጢት ተኩል የሊኮሪስ ከረሜላ ለሳምንታት ሲበላ ቆይቶ ልቡ ስለቆመ የ54 ዓመት አሜሪካዊ ዘግቧል። የአውሮፓ የምግብ ጠበብት በቀን ከ100 ሚሊግራም ግላይሲራይዚን በላይ ባይወሰድ ይሻላል ይላሉ። ማዘዣ ላይ በጥቂት ግራም፣ ለጥቂት ቀን የሚገባው ሥር ሌላ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው በየቀኑ የሚጠጣው ሻይ ሌላ።

መስማማት ያለውን ያህል ጠብም አለ። አሥራ ስምንቱ ጠበኞች የሚባል ዝርዝር ተማሪዎች በግጥም ያጠኑታል፤ ፉዚና ዘመዶቹ ከእነማን ጋር ድስት እንደማይጋሩ፣ ሽማግሌው ሊኮሪስ ራሱ ከማን ጋር እንደማይታረቅ ይናገራል። ሁሉም በላቦራቶሪ የተረጋገጠ አይደለም። ሐሳቡ ግን፣ መድኃኒት ከመድኃኒት ጋር ይጣላል የሚለው፣ ዛሬ ማንኛውም ፋርማሲስት የሚምልበት ነው።

ስለ ጂንሰንግ ሁሉም ሰምቷል፤ ኃይል ይሰጣል ተብሎ ጣሳ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል። በቻይንኛ ረንሸን ነው፤ «ረን» ሰው ማለት ሲሆን፣ ሥሩ እጅና እግር ያለው ሰው ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። የጫካውን ጂንሰንግ ዕድሜ አንገቱ ላይ ይቆጥሩታል፤ በየዓመቱ ግንዱ ሲረግፍ አንድ ጠባሳ ይተዋል። የቻንግባይ ተራራ ፈላጊዎች ሲያገኙት እንዳያመልጥ ቀይ ክር ያስሩበታል። ይህን ስሰማ የእኛ አንዳንድ ሥር ማሾች ረቡዕና ዓርብ ማለዳ ከሰው ሳይነጋገሩ ሄደው የሚቆፍሩት ነገር ትዝ አለኝ። ሥር የሚቆፍር ሕዝብ ሁሉ ሥሩን እንደ ግዑዝ አያየውም መሰል። የእርሻው ጂንሰንግ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ እንዲሁ ከደረቀ ነጭ፣ በእንፋሎት በስሎ ከደረቀ ቀይ ይባላል፤ ቀዩ ይበልጥ ሞቃት ነው ይላሉ።

የንግዱ ታሪክ ከመድኃኒቱ የማይተናነስ ነው። ለቻይና ንጉሠ ነገሥት ካርታ ያነሣ የነበረ ዣርቱ የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ካህን ማንቹሪያ ውስጥ ተክሉን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1711 በጻፈው ደብዳቤ «ይህ ነገር ሌላ አገር ከበቀለ ካናዳ መሆን አለበት» ሲል ገመተ፤ ደኑና ብርዱ ስለሚመሳሰል። ካናዳ የነበረ ላፊቶ የሚባል ሌላ ካህን ደብዳቤውን አንብቦ ፍለጋ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1716 በሞሃውክ ሕዝብ ረዳትነት ሞንትሪያል አጠገብ አገኘው። ዝርያው ሌላ ቢሆንም የቅርብ ዘመድ ነው። ነፃነቷን ያገኘችው አሜሪካ ወደ ቻይና የላከቻት የመጀመሪያ የንግድ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1784 ከኒውዮርክ ስትነሣ ዋና ጭነቷ 30 ቶን ያህል ጂንሰንግ ነበር። ቻይናውያኑ ቀምሰው የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ፦ የእኛው ያሞቃል፣ የአሜሪካው ያበርዳል። እስከ ዛሬ ሁለቱ በተለያየ ስም ይሸጣሉ፤ ከዊስኮንሲን እርሻዎች የሚወጣው አብዛኛው ወደዚያው ይሄዳል።

ዳንግጉይን በአጭሩ። ስሙ «መመለስ አለበት» ማለት ነው፤ የወር አበባ ለተዛባባትና ለወለደች ሴት ይታዘዛል። ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የሆድ ሕመም ያዘዘው ዳንግጉይ፣ ዝንጅብልና የበግ ሥጋ አንድ ላይ የተቀቀለበት መረቅ ነበር፤ አራስ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥበትም። ሁዋንግሊያን ደግሞ በመራራነቱ ተረት የወጣለት ነው፤ መከራውን ለማንም መናገር የማይችል ሰው «ሁዋንግሊያን የዋጠ ዲዳ» ይባላል። እኛ ሆድ ይፍጀው የምንለውን ነው። ምሬቱ የሚመጣው ከበርበሪን ሲሆን፣ በርበሪን ዛሬ ቻይና ውስጥ በክኒን መልክ ለተቅማጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

ስም ሲመሳሰል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ለደንበኞቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ለሆኑ፣ የቻይና ዕፅ ያለበት እንክብል ይሰጥ ነበር። እንክብሉ ውስጥ መግባት የነበረበት «ሃን ፋንግጂ» የሚባል ሥር ነው። የገባው ግን «ጉዋንግ ፋንግጂ» ሆኖ ተገኘ። የቤተሰብ ስማቸው አንድ፣ ዱቄታቸው ቢታይ የማይለይ፣ ተክላቸው ግን የማይዛመድ። ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል ነገር አለው፤ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለውጣል።

ሐኪሞች ነገሩን የነቁት ወጣት ሴቶች የኩላሊት ድካም ይዘው ተራ በተራ ሲመጡ ነው። የመጀመሪያው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ፤ በኋላ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ100 በላይ ሆነ። ብዙዎቹ ለኩላሊት እጥበትና ለንቅለ ተከላ ተዳረጉ። ክፋቱ በዚያ አላበቃም። አሲዱ ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። ሥራ ያቆሙ ኩላሊቶቻቸው ለጥንቃቄ ከወጣላቸው 39 ሕሙማን ውስጥ 18ቱ በሽንት ቧንቧ መንገድ ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ ይህ አሲድ በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ከተረጋገጠ ነገሮች አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው፣ ቻይናም ጉዋንግ ፋንግጂን ከመድኃኒት ዝርዝሯ አውጥታዋለች።

አንዳንዱ ይህን ታሪክ «የቻይና መድኃኒት ገዳይ ነው» ለማለት ይጠቀምበታል። ሌላው «ፈረንጆቹ አያውቁበትም» ብሎ ይገላገላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ስህተቱ የስም ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ቻይና ውስጥም ያ ሥር በራሱ ስም ለብዙ ዘመን ሲታዘዝ ኖሯል። ጠጪው ዛሬ ጠጥቶ ኩላሊቱ ከዓመት በኋላ ቢደክም ማን ያገናኘዋል? የዘመናት ልምድ ምላስን የሚያደነዝዝ መርዝ ይይዛል፤ ፉዚን የያዘው እንዲያ ነው። ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራውን ግን ልምድ አያየውም። እሱን የሚያየው ቆጠራና ክትትል ነው።

«ታዲያ ይሠራሉ ወይ?» ለሚለው ሥሩን ለይቶ መመለስ ይሻላል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን፣ በተለይም የእርግዝናን፣ እንደሚያስታግስ ጥሩ ማስረጃ አለ። ሩባርብ እንደሚያስቀምጥ ማስረጃም አያስፈልገው። ጂንሰንግ ላይ ብዙ ጥናት ተደርጓል፤ አብዛኛው ትንንሽ፣ ውጤቱም የተዘበራረቀ ነው፤ ጣሳው ላይ የሚጻፈውን ያህል ያረጋገጠ የለም። ለአንድ ሰው ተለክቶ የሚታዘዘውንና በየቀኑ የሚለዋወጠውን ድብልቅ ደግሞ ለመፈተን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አስቸጋሪነቱ ግን በራሱ ለመድኃኒቱ ምስክር ሊሆነው አይችልም።

ጓንግዡ ለንግድ የሚመላለስ ወይም ዋሺንግተን አካባቢ የእስያ ሱቅ ውስጥ የሚገባ የአገሬ ሰው የሚያገኘው ግን ማዘዣ ሳይሆን ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ የተክሉን ስም ይነግረዋል እንጂ የተዘጋጀበትን መንገድ አይነግረውም። ሄሾውዉ የሚባለውን ሥር ውሰዱ፤ «ሽበት ያጠቁራል» ተብሎ ይሸጣል። ጥሬው ሆድ ያስቀምጣል፣ በጥቁር ባቄላ ጭማቂ የበሰለው ነው ለጠጉር የሚባለው። በብዙ አገር ጉበት እንደሚጎዳ ተመዝግቧል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር ወዲያው አቁሞ መታየት ያስፈልጋል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ዳንግጉይና ዳንሸን የሚባሉት ሁለት ሥሮች የመድማት አደጋ ይጨምሩበታል። ነፍሰ ጡር ሴት አብዛኞቹን ባትነካ ይመረጣል። ሐኪም ቤት ሲኬድ ብልቃጡን ይዞ መሄድ ነው፤ «ሻይ ነገር ነው» ብሎ መደበቅ ለሐኪሙም ለታማሚውም አይጠቅምም።

አንድ ሥር ቀርቶኛል። ቻንግሻን ለወባ ይታዘዝ የነበረ ጥንታዊ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ጦርነቱ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት የሚመጣበትን መንገድ ሲዘጋባቸው ቻይናውያን ተመራማሪዎች ወደ እሱ ዞሩ። በእርግጥም ወባን ይመታል፤ ፌብሪፉጂን የሚባል ብርቱ ንጥረ ነገር አለው። ችግሩ የሚያስከትለው ማስመለስ ነበር፤ ሕመምተኛው ሆድ ውስጥ አልረጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቻይና ሌላ ትልቅ የወባ ፍለጋ ስትጀምር ያሸነፈው ሥር አልነበረም፣ ቺንግሃኦ የሚባል ቅጠል ነው። ቱ ዮውዮው የተባለችው ተመራማሪ ቅጠሉን እየቀቀለች ስትፈትን ውጤቱ አንዴ ይመጣል አንዴ ይጠፋል። አራተኛው ክፍለ ዘመን ላይ የኖረው ሐኪም ጌ ሆንግ የጻፈውን እንደገና አነበበች፦ አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ፣ ጠጣ። አፍላ አይልም። እሷም በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር አወጣችው፤ አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አመጣላት። ከዚህ የተወለደው ኮአርተም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የወባ መድኃኒት ነው።

ቻንግሻንም ሙሉ በሙሉ አልተጣለም። ከፌብሪፉጂን ተሻሽሎ የተሠራው ሃሎፉጂኖን ዛሬ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ለመከላከል መኖ ውስጥ ይጨመራል። የሚመገቡት ዶሮዎች ናቸው።